የአንዱስ?

ቅዳሜ ነው ቡሬ፣ ከበርበሬ ተራ፣
እናቴ አንጓች አለች፣ ጆንያዋን ደርድራ።
እኔ ከጎኗ ነኝ፣ የሦስተኛ ክፍል ደብተሬን ታቅፌ፣
ዓይኔ እያለቀሰ፣ እየነደደ አፌ።

ልየው ነጋዴው መጣ፣ ባርኔጣውን ደፍቶ፣
«አንጓች» አለ፣ «እኔ ልስጥሽ አምስት መቶ፣
ከዚያም ላይ አሥር ብር፣ ለአሥራ አምስቱ ኪሎ።
መኳንንት አሥራ ሁለቱን በአራት መቶ ሃያ ሊወስድሽ ነው አታልሎ።
ዘጠና ብር ጨመርኩ! ዘጠና! ቁጠሪው!»
ገበያተኛው ዞረ፤ «ምን ትጠብቂያለሽ? ይቅናሽ፣ ሽጪው!»

እናቴ ብሩን አላየችም።
«የአንዱስ?» አለች።
«የምን አንዱ?»
«የአንዱ ኪሎ።»
ልየው ሳቀ፤ ሳቁ መንገድ ላይ ቆመ፣
ጭነት እንደ በዛበት በቅሎ።

ፊደል አልቆጠረችም፣ ብዕር አልያዘችም፤
ከጆንያው አፍ አሥራ አምስት ዛላ መዘዘች፣
ነጠላዋ ላይ ደረደረች።
«ለዚህ ሠላሳ፣ ለዚህም ሠላሳ…» ለሁሉም አደለች።
አራት መቶ ሃምሳው ሄደ።
ስልሳ ተረፈ፤ አራት አራት ጣለችበት፤ አለቀ።
«ያንተ አንዱ ሠላሳ አራት።»

ከዚያ ሦስቱን ዛላ አነሳች፣
የቀሩትን አሥራ ሁለቱን እንደ አዲስ ቀለበች።
ሦስት መቶ ስልሳው ሄደ። የተረፈው ያው ስልሳ!
ያው ስልሳ፣ ግን የሚካፈለው አፍ አነሰና
አምስት አምስት ደረሰው።
«የመኳንንት አንዱ ሠላሳ አምስት» አለች፣
ያነሳቻቸውን ሦስት ዛላዎች አፍንጫው ሥር ይዛ፤
«ዘጠናህ የእነዚህ ዋጋ ናት፣ ልየው።
ሦስቱን በሠላሳ በሠላሳ ልትወስድብኝ ነው።»

በሳምንቱ ተመልሶ መጣ።
«እንዴት አደርሽ» ሳይል፣
«ኪሎውን ሠላሳ አምስት ተኩል» ብሎ ጀመረ።

ከዚያ ወዲያ ዓለም ሁሉ ለእሷ በርበሬ ሆነ፤
ጫማዬ ሁለት ኪሎ፣
ደርዘን ደብተር አንድ ኪሎ ከጥቂት ዛላ።
አባቴ ማታ በኩራዝ ሥር ጨንቆት፣
«ለሁለት ቃዳ ሃምሳ ኪሎ ማዳበሪያ ካሉን፣
ለአምስቱ ቃዳ ስንት ልግዛ?» ሲል፣
«ወደ አንዱ ውረድ» ትለዋለች ጥጧን ሳታስቀምጥ፣
«ሃያ አምስት። አሁን አምስት ጊዜ ውጣ።
ዓባይን መሻገር ነው፤
ሳይወርዱ ማን ወጣ?»

አድጌ፣ መምህር ሆኜ፣
የመጀመሪያ ደመወዜን ጉልበቷ ላይ ሳኖር፣
ዘጠኝ ሺህ ብር፣ በፖስታ፣ በኩራት፣
«የአንዱ ቀንስ?» አለች።
«ሦስት መቶ።»
ጆንያውን አየች፤ እኔን አየች፤
«ኪሎ አትሞላማ» ብላ ሳቀች፣
እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ዛሬ ሰሌዳው ላይ «የአሃድ ዋጋ» ብዬ ጻፍኩ።
አርባ ሁለት ልጅ አፈጠጠብኝ።
አጠፋሁት።
«የአንዱስ?» ብዬ ጻፍኩና
ከቤት ያመጣሁትን ዛላ በየወንበሩ አደልኩ።
ሳይቆይ ክፍሉ ማነጠስ ያዘ፣
ከፊት ወደ ኋላ፣ እንደ ዝናብ በቆርቆሮ።
አንዱ ተንኮለኛ ይቆጥር ኖሮ፣
«ሰማንያ አራት!» ብሎ ጮኸ።
«ለአርባ ሁለት ልጅ ሰማንያ አራት። የአንዱስ?»
«ሁለት! ሁለት ሁለት ደረሰን!»
ልክ ነው አልኩ፤ ጠመኔዬን አነሳሁ።

ከኋላ ወንበር ግን ሙጭት፣
እናቷ በርበሬ ተራ የምትውል፣
አንድም ጊዜ ሳታነጥስ፣
ዛላውን አንድ በአንድ እያሰለፈች፣
ቀና ሳትል ጠየቀች፤
«መምህር፣ የኔን ሁለት ማን አነጠሰልኝ?»